ማክሰኞ ሐኪም፣ ረቡዕ አይጥ አርቢ

ማክሰኞ ማክሰኞ ነጭ ጋውኔን ለብሼ በሽተኛ አያለሁ። በቀሩት ቀናት አይጥ አረባለሁ፣ የነርቭ ሴል አሳድጋለሁ፣ ገንዘብ ፍለጋ ማመልከቻ እጽፋለሁ። እናቴ ይህን ሥራ ሥራ ብላ እስካሁን አልተቀበለችውም። ከጎንደር በደወለች ቁጥር፣ «ዛሬ ሐኪም ቤት ነሽ ወይስ አይጦቹ ጋ?» ትለኛለች። አይጦቹ ጋ መሆኔን ስነግራት በረጅሙ ተንፍሳ ወደ ሌላ ወሬ ትዞራለች። ለጎረቤት «ልጄ የነርቭ ስፔሻሊስት ናት» ትላለች እንጂ ስለ አይጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

በሽተኛም የሚያይ፣ ላብራቶሪም የሚገባ ሐኪም በአሜሪካም ቢሆን ብርቅ ነው። ከአገሩ ሐኪሞች መካከል ምርምርን ዋና ሥራቸው ያደረጉት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ጄምስ ዊንጋርደን የተባሉ እውቅ ሐኪም ገና በ1979 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተመራማሪ ሐኪምን ዘሩ ሊጠፋ ከተቃረበ የዱር እንስሳ ጋር አመሳስለው ጽፈው ነበር። ይኸው አልጠፋንም፤ አልበዛንምም።

ወጣቶች መንገዱን ሲጠይቁኝ ስለ ዲግሪ ነው የሚጠይቁኝ። ስንት ዓመት ይፈጃል? ፒኤችዲ ግድ ነው? የትኛው ፈተና ይከብዳል? እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው ስለ ጊዜ ነው። በሽተኛ እንዳታዪ፣ ቁጭ ብለሽ እንድታስቢ ደሞዝሽን የሚከፍልሽ ማን ነው? የዚህ ሙያ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው ያለው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደጀመረ ልናገር።

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ጎንደር ሆስፒታል አንድ የፎገራ ገበሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ሁለት በትር ተመርኩዟል። ሲራመድ ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ እግሩ እንደ መቀስ ይተላለፋል። መምህራችን ከማንኛውም ምርመራ በፊት ጫማውን አስወልቀው አሳዩን። የላስቲክ ጫማው ከፊት ጫፉ አልቆ ጣቱ ሊወጣ ደርሷል፤ ተረከዙ ግን ትናንት የተገዛ ይመስላል። ሰውየው ለካ ከታመመ ጀምሮ ተረከዙ መሬት ነክቶ አያውቅም። ጉልበቱን በመዶሻ መታ ሲያደርጉት እግሩ ተፈናጠረ። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሲይዙት እጃቸው ላይ ይመታ ጀመር፤ እስኪለቁት ድረስ አላቆመም። እጁ፣ አንደበቱ፣ አእምሮው ፍጹም ጤነኛ ነው።

«ጓያ በልተሃል?» አሉት።

«ማን ያልበላ አለ?»

«ቤተሰብህም በልቷል?»

«አንድ ሞሰብ ነው የቀረብነው።»

«ታዲያ አንተን ብቻ ለምን ያዘህ?»

«እሱንማ እናንተ ትነግሩኛላችሁ ብዬ አይደል የመጣሁት!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እሱም ሳቀ። ጥያቄው ግን በትክክል የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ አላገኘም።

ጓያ ድርቅ የማይበግረው እህል ነው። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሰብል ሲከስል እሱ ይበቅላል፤ ስለዚህ ክፉ ቀን ሲመጣ ድሃው የሚተርፈው በእሱ ነው። ውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሕንድ ሳይንቲስቶች በ1964 ለይተው ያወጡት። ኦዳፕ ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ይመስላል። የነርቭ ሴሉ እውነተኛው መልእክት የመጣ መስሎት ይቀበለዋል፤ ማነሳሳቱ ከልክ ሲያልፍ ሴሉ ይጎዳል። ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች ሲጎዱበት እግሩ ይገተራል። አንዴ ከተገተረ አይመለስም።

በዚህና በሌሎች የነርቭ በሽታዎች ላይ አገራችን ውስጥ የተሠራው ሥራ ለኔ የሙያው ምርጥ ትምህርት ቤት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር የጓያን ሽባነት አጥንተው በ1990 አሳተሙ። ቡታጅራ አካባቢ ደግሞ የሰለጠኑ የአካባቢው ሰዎችን ቤት ለቤት አሰማርተው 60,820 ሰው በመጠየቅ፣ ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። ይህ ቁጥር ዛሬም በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ይጠቀሳል። ይህን ለማግኘት ምን መሣሪያ አስፈለገ? የጥያቄ ወረቀት፣ የሚራመድ እግርና ታካሚውን መርምሮ የሚያረጋግጥ የነርቭ ሐኪም።

ከዚያ ደላንታ ዳውንት የሚባለው አካባቢ አለ። ከ1995ና 96ቱ ድርቅ በኋላ የጓያ ሽባነት እንደ ወረርሽኝ ሲነሳ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑት ያንኑ የፎገራውን ሰው ጥያቄ ነበር፤ ሁሉም በልቶ ሳለ የሚታመመው የትኛው ነው? ከመልሱ ከፊሉ የተገኘው ማእድ ቤት ውስጥ ነው። ጓያውን ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም እሸት አድርጎ መብላት አደጋውን ያበዛል። ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባለበት ወጥ ሲበላ ግን አደጋው ይቀንሳል። በ2003 ላንሴት መጽሔት ላይ ሲወጣ ምክሩ ግልጽ ነበር፤ በረሃብ ጊዜ ጥቂትም ቢሆን የእርዳታ እህል ቶሎ ይድረስ፣ ሰው ጓያውን ይቀላቅልበት። አንድ ጽሑፍ ስንት እግር ሊያድን እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

እንግዲህ መንገዱ። እኛ አገር፣ እኔ በተማርኩበት ዘመን፣ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ሕክምና ይገባ ነበር። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ይማራሉ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና፣ ከዚያ ነርቭ ለመማር ሌላ አራት ዓመት ሬዚደንሲ። የመጀመሪያው ዓመት የውስጥ ደዌ ነው፤ ሦስቱ ነርቭ። ተመራማሪ መሆን የሚፈልገው ከሕክምናው ጋር ፒኤችዲ ደርቦ የሚማርበት ፕሮግራም አለ። መንግሥት በ1964 በሦስት ትምህርት ቤቶች ነው የጀመረው፤ ዛሬ ተስፋፍቷል። ሁለት ዓመት ገደማ የሕክምና ትምህርት ይማሩና የክፍል ጓደኞቻቸው ወደ ዎርድ ሲገቡ እነሱ ላብራቶሪ ይገባሉ፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። ጠቅላላው ስምንት ዓመት ያህል ይፈጃል። ክፍያ የለበትም፤ የኪስ ገንዘብም ይሰጣቸዋል። የሕክምና ትምህርት ሲጨርሱ 200,000 ዶላር ዕዳ መሸከም የተለመደ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዓመታት በኋላ ወደ ዎርድ ሲመለሱ ስቴቶስኮፑን የት እንዳስቀመጡት የሚረሱም አሉ፤ ሲቀልዱ ራሳቸው ናቸው የሚነግሩን።

እኔ ፒኤችዲ የለኝም። ፒኤችዲ የሌላቸው የሙያው ትላልቅ ሰዎችም ብዙ ናቸው። ከሁሉም ሁዳ ዞግቢን እወዳለሁ፤ መንገዷ ለኛ አገር ሰው አይጠፋውም። የቤሩት ልጅ ናት። በ1975 ሕክምና ስትጀምር አገሯ በእርስ በርስ ጦርነት ተናጠ፤ አሜሪካ መጥታ ናሽቪል በሚገኘው መሃሪ የሕክምና ኮሌጅ በ1979 ተመረቀች። በ1983 ሂዩስተን ውስጥ የሕጻናት ነርቭ ስትማር አንዲት ልጅ አመጡላት። ልጅቱ በደህና ስታድግ ቆይታ ንግግሯ ጠፍቷል፣ እጆቿን ያለማቋረጥ ታሻሻለች። ሬት ሲንድሮም ይባላል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ አንዲት ልጅ ብቻ ስለሚይዝ ብዙዎች በዘር ይመጣል ብለው አላመኑም። እሷ ግን አምና፣ ስፔሻሊስትነቷን ይዛ እንደ ጀማሪ የዘረመል ላብራቶሪ ገባች። ዘረመሉ የተገኘው በ1999 ነው። ከመጀመሪያዋ ታማሚ 16 ዓመት መሆኑ ነው።

እኔም በኋለኛው በር ነው የገባሁት። ጎንደር ተመርቄ ጥቂት ሠርቼ ዲቪ ደረሰኝ። ዲቪ ባይደርሰኝ ይህን ጽሑፍ የምትጽፈው ሌላ ሴት ነበረች። ሕጉ እንዲህ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ሬዚደንሲ የሚማረው በጄ ዋን ቪዛ ነው፤ ሲጨርስ ወይ ሁለት ዓመት አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜውን በሽተኛ ያያል። አገልግሎቱ ክቡር ነው፤ አካባቢውም ሐኪም ይፈልጋል። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ዓመታት ወጣት ተመራማሪ እግሩን የሚተክልባቸው ዓመታት ናቸው። በዚያ ላይ ለጀማሪ ሐኪም ተመራማሪዎች የተዘጋጁት ዋና ዋናዎቹ የመንግሥት ድጋፎች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ከኔ ይልቅ ብሩህ የነበሩ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ቀርተዋል። ይህንን ማንም በምረቃ ንግግር ላይ አያነሳውም።

ሜሪላንድ እንደደረስኩ ለፈቃድ ፈተናው እያጠናሁ ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። ዶክተርነቴን የሚያውቀው ፓስፖርቴ ብቻ ነበር፤ አይጥ እመዝናለሁ፣ ጓዳ አጸዳለሁ፣ በፒፔት ሳንጠባጥብ እውላለሁ። ያኔ ጥናቱ ኤኤልኤስ ላይ መሆኑን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። ኤኤልኤስ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ተራ በተራ የሚሞቱበት በሽታ ነው፤ ስቲቨን ሆኪንግን የያዘው። እሳቸው ብዙ ኖሩ እንጂ አብዛኛው ሰው ምልክቱ ከጀመረው በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። በ1995 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ሪሉዞል የሚሠራው ደግሞ ግሉታሜትን በመቀነስ እንደሆነ ይታሰባል። የጓያው መርዝ የሚያስመስለውን ያንኑ ግሉታሜት! ጎንደር ያየሁትን እግር ሜሪላንድ ውስጥ በሌላ በር አገኘሁት።

ሬዚደንሲው እንደማንኛውም ሬዚደንሲ አለፈ፤ እንቅልፍ አልባ ነው፣ ሌላ የሚባል የለውም። ከዚያ በነርቭና ጡንቻ በሽታ ሰብስፔሻሊቲ ሠርቼ ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ። እዚህ ላይ ነው የጊዜው ጉዳይ የሚመጣው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለጀማሪ ሐኪም ተመራማሪ የሚሰጠው ኬ ዜሮ ኤይት የሚባል ድጋፍ አለ። እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል፤ የሚከፍለው በዋናነት ለደሞዝ ነው። ግዴታው አንድ ነው፤ ከሥራ ጊዜሽ ቢያንስ 75 በመቶው ለምርምር ይሁን። ማክሰኞ ብቻ በሽተኛ የማየው ለዚህ ነው። መንግሥት የሚከፍለው ግን ጣሪያ ስላለው የቀረውን ሆስፒታሉ መሙላት አለበት። ሆስፒታል ደግሞ ገቢ የሚያገኘው በታየው በሽተኛ ልክ ነው። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ አለቃዬ ድጋፉን ማግኘቴን ስነግራቸው «እንኳን ደስ ያለሽ» ካሉኝ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሐሙስን ማን ይሸፍናል?» የሚል ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ እኔም አየዋለሁ።

ማመልከቻው ራሱ አንድ ዓለም ነው። ሐሳብሽ ሁሉ መጀመሪያ በአንዲት ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ ሰው ያችን ገጽ ለወራት ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ከዚያ የሙያው ሰዎች ተሰብስበው ነጥብ ይሰጡታል፤ 10 ከሁሉ የተሻለ፣ 90 ከሁሉ የከፋ። ግማሽ ያህሉ ማመልከቻ ግን ውይይት እንኳ ሳይደረግበት ይመለሳል። የወደቀች ማመልከቻ ተሻሽላ አንዴ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ አዲስ መጻፍ ነው። ሐኪሞች ራሳቸውን ችለው የምርምር ገንዘብ የሚያገኙት በአማካይ አርባውን ካለፉ በኋላ መሆኑ ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ያፈራል? አንድ ፍሬውን ላሳይ። በ1993 አንዳንድ ኤኤልኤስ በቤተሰብ የሚተላለፈው ኤስኦዲ ዋን በሚባል ዘረመል ስህተት መሆኑ ታወቀ። ዶን ክሊቭላንድ ካሊፎርኒያ ባለው ላብራቶሪያቸው ከሐኪሞች ጋር ሆነው የተበላሸውን ዘረመል መልእክት የሚያከሽፍ አጭር የዘረመል ቁራጭ በአይጦች ሞከሩ፤ በ2006 አሳተሙት። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ቲሞቲ ሚለር የተባለ ወጣት የነርቭ ሐኪም ነበር። እሱ ሐሳቡን ይዞ ሴንት ሉዊስ ገብቶ ለሰው ሙከራ መርቶ አደረሰው። መድኃኒቱ ቶፈርሰን ይባላል፤ በወገብ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይወጋል። ዋናው ሙከራ በ28 ሳምንት ሲለካ ግቡን አልመታም፤ የበሽተኞቹ ጉልበት ከሌሎቹ የሚለይ ያህል አልተሻለም። ነገር ግን ነርቭ ሲሞት ደም ውስጥ የሚፈሰው ፕሮቲን በግልጽ ቀነሰ፤ ቀደም ብለው የጀመሩትም እየቆየ ሲሄድ የተሻለ ሁኔታ ታየባቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሚያዝያ 2023 በተፋጠነ መንገድ ፈቀደው። ዘረመሉ ከታወቀ 30 ዓመት። ለኔ የሚገርመኝ ርዝመቱ ሳይሆን ሐሳቡን ከአይጥ ወደ ሰው ያሻገረው ሰው በሽተኛውንም ሴሉንም የሚያውቅ መሆኑ ነው። ንጹህ ሳይንቲስት አደጋውን ሳያይ በፈጠነ፣ ንጹህ ሐኪም ደግሞ አይሆንም ብሎ በተወው ነበር።

ቶፈርሰን የሚጠቅመው ግን ከመቶ ሁለት ያህሉን ነው። የቀሩትን ማክሰኞ ማክሰኞ አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን የጎጃም ሰው፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ ያሳለፉ አባት፣ ከልጃቸው ጋር መጡ (እንዳይለዩ ዝርዝራቸውን ለውጫለሁ)። ምላሳቸውን ሲያወጡ ሥጋው ላይ ትል የሚሄድ ይመስል ይርገበገባል። ልጅቱ ነገሩን ገምታለች፤ በር ላይ ይዛኝ «ዶክተር፣ እባክሽ ለአባባ እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። የአሜሪካ ሕግ በሽተኛው ይነገረው ይላል፤ የኛ ወግ ቤተሰብ ይስማ ይላል። ገብቼ «ጋሼ፣ የደረስንበትን ከነልጅዎ ልንገርዎ ወይስ ከእሷ ጋር ልጨርስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ታክሲ ስነዳ መንገዱን ለተሳፋሪው ደብቄ አላውቅም» አሉ። ነገርኳቸው።

የዘረመል ምርመራቸው የኤስኦዲ ዋን ስህተት የለበትም፤ አዲሱ መድኃኒት አይመለከታቸውም። ደም ለምርምር እንዲሰጡ ስጠይቃቸው «ምን ታደርጊበታለሽ?» አሉኝ። ከደም ሴላቸው የነርቭ ሴል ማሳደግ እንደሚቻል፣ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006ና 2007 ባሳዩት ዘዴ ያደገን ሴል ወደ መነሻው መልሶ ነርቭ ማድረግ እንደተቻለ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እንግዲህ እኔ ጡረታ ስወጣ ነርቬ ሥራ ሊጀምር ነው» ብለው ፈረሙ።

ላብራቶሪው ውስጥ ስም የለም፤ ብልቃጡ ላይ ቁጥር ነው ያለው። ሴሎቹ ነርቭ እስኪሆኑ ወራት ይፈጃሉ፤ ምግባቸው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ፋሲካ አያውቁም፣ ገና አያውቁም፤ ቅዳሜ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በነጠላዬ ላይ ጋውን ደርቤ ያጠጣሁባቸው በዓላት አሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ረጃጅም ክር ይዘረጋሉ፣ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። ግሉታሜት ስንጨምርባቸው የበሽተኛው ከጤነኛው ቶሎ ይሞታል ወይ? ጥያቄያችን ይህ ነው። እስካሁን አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ አይሞትም። የፎገራው ገበሬ ጥያቄ ከነመልኩ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የነርቭ ሬዚደንሲ ከከፈተ ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷን የነርቭ ሐኪም ታሰለጥናለች፤ ከዚያ በፊት ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ሐኪሙ አለ፤ ጥያቄውም በየዎርዱ ነው። በቅርቡ ጎንደር ያለ አንድ ኢንተርን በስልክ አግኝቶኝ ምን ልጀምር ቢለኝ፣ በትር ይዞ የሚመጣውን ሁሉ መዝግብ አልኩት፤ ምን በላ፣ እንዴት አብስሎ በላ፣ ከማን ጋር በላ፣ አብሮት የበላው ለምን አልታመመም። ለዚያ ደብተር ይበቃል።

«በየትኛው ሰዓት?» አለኝ።

«ተረኛ ባልሆንክበት።»

ሳቀብኝ። ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ነው። አሁን ከጎንደር መምህሮቹ ጋር የምንጽፈው ማመልከቻ ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በሳምንት ሁለት ቀን ዎርዱን የሚሸፍንለት የሌላ ሐኪም ደሞዝ ነው።